«ደህና ነኝ» ማለት ይቅር፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ጠዋት በየአልጋው ሲዞሩ የሚሰማው ጥያቄና መልስ አንድ ዓይነት ነው። «እንዴት አደሩ አባባ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ሐኪሙ ይጽፍና ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ወዲያው አስታማሚ ልጃቸው ነርሷን ኮሪደር ላይ ትከተላታለች፤ «ኧረ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረው!»

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ሰላምታውን እንደ ሰላምታ ይመልሱ፤ ስለ ህመሙ ግን በቁጥር ይናገሩ። ዜሮ ማለት ምንም አያምም፣ አስር ማለት ከዚህ የባሰ የለም። ቁጥሩን ሲሰጡ ደግሞ ጸጥ ብለው ሲተኙ ያለውን ሳይሆን ሲያስሉ ወይም ከአልጋ ሲነሱ የሚሰማዎትን ይንገሩ። ተኝተው 2 የነበረው ሲያስሉ 8 ሊሆን ይችላል፤ መዘዝ የሚያመጣውም 8ቱ ነው። ሆዱን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ካመመው ማሳል ይተዋል፣ አየር በደንብ አይስብም፤ አክታው ሳምባ ውስጥ ይቀርና የሳምባ ምች ይከተላል። መነሳት ከፈራ ደግሞ እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ማስታገሻ የሚታዘዘው እንዲያስሉና እንዲራመዱ ነው። ሲያስሉ ትራስ ስፌቱ ላይ አድርገው በሁለት እጅ ደገፍ ያድርጉ። ወደ ቤት ሲሄዱም ትራሱን ይያዙት፤ ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ይፈልጉታል።

ሁለተኛው፣ «ካልባሰብኝ አልውጥም» ማለት። ህመም ከበረታ በኋላ ለማብረድ ብዙ መድኃኒት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰዓቱ መውሰድ ይሻላል። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ ከታዘዘ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ብሎ የስልክ ማንቂያ ደወል መሙላት ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር እሱም ይቆጠራል።

መደራረብ ደግሞ አለ። ሆስፒታሉ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ሰጥቶ ሳለ ጎረቤት «እኔን ያዳነኝ» ብላ ሌላ ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን ታመጣለች። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አብሮ መዋጥ ጥቅሙን ሳይጨምር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የአዳማ ሙቀት ላይ ብዙ ውኃ ያልጠጣ ሰው ከሆነ ለኩላሊቱ የባሰ ነው። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሳይጻፍለት በፊት መናገር አለበት። ጾም ነው ብሎ በባዶ ሆድ መዋጥም ይቅር፤ ታማሚ አይጾምም።

«ክኒን አይሠራልኝም፣ በመርፌ ይሁንልኝ» የሚለውን እዚህ ከተማ ስንቱ ክሊኒክ ይሰማዋል! መዋጥ የሚችል ሰው በክኒን እፎይ ይላል፣ ጊዜ ቢወስድ ነው። አሞክሳሲሊንም ፀረ ባክቴሪያ እንጂ የህመም ማስታገሻ አይደለም። የካፕሱል ዱቄት ስፌት ላይ መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ እነዚህን ጨርሶ ይተዉ።

ትራማዶል ስለሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ «ሱስ ያስይዛል» ብሎ የታዘዘውን ጭራሽ አለመንካት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት ሲወሰድ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። ሌላው ህመሙ ካለፈ በኋላም «እንቅልፍ ይሰጠኛል» ብሎ መቀጠል ነው፤ ሱሱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ትንፋሽ ሊያጠፋ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። በኦፕሬሽን የወለደች እናት ጡት እያጠባች ትራማዶል አይመከርላትም፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን ይሆኗታል፣ ለልጄ ብላ በህመም መሰቃየት የለባትም። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ቤት ማማጥ ደግሞ ስፌቱን ያሳምማል፤ ስለዚህ ሐኪም ምግብ ከፈቀደ ውኃና ፓፓያ አይጥፋ።

ምች እንዳይመታው ተብሎ መስኮት ዘግቶ፣ ጋቢ ደራርቦ ማስተኛትም አለ። በዚህ ሙቀት ታማሚው ያልበዋል፣ ፋሻው ይርሳል፣ እርጥብ ፋሻ ደግሞ ለቁስል ጥሩ አይደለም። አየር ይግባለት።

በመጨረሻ፣ ማስታገሻ የማይዋጥለት ህመም አለ። ቀን በቀን መቅለል ሲገባው ከቀነሰ በኋላ እንደገና የባሰ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ የወጣ፣ ስፌቱ ዙሪያው የቀላ ወይም መግል ያወጣ፣ ሆድ ተነፍቶ የሚያስመልስ ከሆነ ክኒን ጨምሮ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ነው። አንድ ባት አብጦ ሲያም ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ከሁሉም ይከፋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳምባ ሊዘጋ ይችላል። እግሩን ሳይነኩ፣ ሳያሹ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።