አፈር ልትለቀልቁ ከሆነ «ቀይ» ብቻ አትበሉ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ቤታችሁን በአፈር ልታስለቀልቁ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለምትለቀልቀው ሴት «ቀይ አድርጊልኝ» ብቻ አትበሏት። ቀይ በኛ አነጋገር ሰፊ ነው። በርበሬውም ቀይ ነው፣ ፊቱ ፈካ ያለ ሰውም ቀይ ነው። ወደ ቡናማ የሚያደላ ሞቅ ያለ ቀለም ከፈለጋችሁ «ዳማ» በሉ። ዳማ ፈረስ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቆንጆ ቃል ነው፣ እንጠቀምበት።

ቀይ አፈር ካጣችሁ ብጫው ይበቃል። ብጫው ውስጥ ያለው ውሃ ያዘለ የብረት ዝገት ነው። 300 ዲግሪ ገደማ ሲግል ውሃው ይለቀውና ወደ ቀይ ይዞራል። አፈሩን ንፉት። ከዚያ አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ ልክ እንደ ገብስ አምሱት። መጀመሪያ ብርቱካንማ ይሆናል፣ እየቆየ ዳማ ይመጣል። የወደዳችሁት ላይ ሲደርስ አውርዱት። አቧራው ስለሚነሳ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የእንጀራ ምጣዱን ግን አደራ እንዳትነኩ!

ዋልካ አትቀላቅሉ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሙሉ ግድግዳ ከመጀመራችሁ በፊት መዳፍ የምታህል ቦታ ለቅልቃችሁ እስከ ነገ ጠብቁ። እርጥብ አፈር ሁሌም ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። እኔ እርጥቡን ወድጄ ሙሉ ክፍል አስለቀለቅሁ። በሁለተኛው ቀን ገርጥቶ አገኘሁትና እንደገና አስጀመርኩ። በኛ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፣ አትቸኩሉ።