የብሪታንያ መኳንንትን ታሪክ ስታጠኑ ስም እንዳያሳስታችሁ

እዚህ ጎንደር ክረምት ክረምት ታሪክ የማስጠናቸው ልጆች በረንዳዬ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ከሁሉ የሚያስቸግራቸው የብሪታንያ መኳንንት ስም ነው። እኔንም አሳስቶኛል። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩት ስለ ሰር አሌክ ዳግላስ ሂዩም የመጀመሪያውን ማስታወሻ ስጽፍ አንዱን ሰው ሦስት ሰው አድርጌው ነበር። እሱን ገልብጠው ፈተና የገቡ ልጆች ስለነበሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ክፈሉት። በግራ ስሙን፣ በቀኝ ሰውየው የተቀመጡበትን ምክር ቤት ጻፉ። ከዚያ ከሁሉ አስቀድማችሁ አባታቸው የሞቱበትን ዓመት ፈልጉ፤ የዘር ማዕረግ የሚተላለፈው ያኔ ነውና። ስሙንም እንደሚጠሩት ጻፉት፤ «ሆም» ሳይሆን «ሂዩም» ነው።

ለጎንደር ልጅ ስም መቀየር እንግዳ አይደለም። ፋሲል ሲነግሡ ዓለም ሰገድ ተብለዋል፤ ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሆነዋል። እኛ ዘንድ ግን ራስነትም ደጃዝማችነትም በሹመት የሚገኝ ነበር፤ የራስ ልጅ አባቱ ስለሞተ ብቻ ራስ አይባልም። እዚያ ስሙን የሚለውጠው የአባት ሞት ነው።

አሌክ በ1903 ተወለዱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙ)። አባታቸው በ1918 ኧርል (ከመኳንንቱ የዘር ማዕረጎች አንዱ ነው) ሲሆኑ እሳቸው ሎርድ ደንግላስ ተባሉ። «ሎርድ ከሆኑ በ1931 እንዴት ለታችኛው ምክር ቤት ተመረጡ?» ብለው ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባለ ማዕረግ ሎርድ ሕዝብ በሚመርጠው በታችኛው ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበርና። ያ ስም የአክብሮት መጠሪያ እንጂ ማዕረግ አልነበረም። በ1951 አባታቸው ሲሞቱ ግን 14ኛው ኧርል ሆኑና ወንበራቸውን ለቀው ወደ ላይኛው፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ተሻገሩ። በ1960 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት እዚያው ተቀምጠው ነው።

ጥቅምት 1963 ላይ ስትደርሱ ቀን በቀን ጻፉ። ቶኒ ቤን የሚባል ፖለቲከኛ አባቱ ሲሞት የወረሰው ማዕረግ ከታችኛው ምክር ቤት ስላስወጣው ዓመታት ታግሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ሕግ የወረሱትን ማዕረግ መተው ፈቀደ። አሌክ በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1956 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጥቅምት 12 ኧርልነታቸውን ተዉ፤ ጥቅምት 27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ በስኮትላንድ በማሟያ ምርጫ አሸነፉ። በመካከሉ ላሉት ሁለት ሳምንታት በቀኝ ያለውን ዓምድ ባዶ ተዉት፤ አገር እየመሩ የየትኛውም ምክር ቤት አባል አልነበሩም። እኔ ማስታወሻዬን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

በ1964 ምርጫ ተሸነፉ፤ ከ1970 እስከ 1974 እንደገና ውጭ ጉዳይን ያዙ። በ1974 የተሰጣቸውን የሎርድነት ማዕረግ በሌላ ቀለም ጻፉት፤ ለሕይወት ዘመን ብቻ ስለሆነ አይወረስም። የተዉት ኧርልነት ግን አልጠፋም። በ1995 ሲሞቱ ልጃቸው 15ኛው ኧርል ሆኗልና፣ ለእሱ አዲስ ገጽ ክፈቱ።