ለሪል እስቴት ሥራ፦ ኤምቢኤ ወይስ የሪል እስቴት ማስተርስ?

አሜሪካ ውስጥ ለመማር ያሰባችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የፕሮግራሙን ርዝመት እዩ። የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ በመካከሉ ያለው የሰኔ–ነሐሴ ዕረፍት ለኢንተርንሺፕ (ለሥራ ልምምድ) ይውላል። ትልልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ብዙ ቋሚ ሠራተኞቻቸውን የሚመርጡት ከእነዚሁ ተለማማጆች ነው። የሪል እስቴት ማስተርስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ስለሆነ ይህ ዕረፍት የለውም፤ ትምህርቱ እንደተጀመረ የሥራ ፍለጋው አብሮ ይጀምራል። ከሌላ ሙያ ለሚመጣ ሰው ይህ በጣም ከባድ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ኤምቢኤ ይሻላል፤ ወይም እንደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቤከር ፕሮግራም ያለ የ2 ዓመት የሪል እስቴት ፕሮግራም።

በግንባታ፣ በንብረት ግመታ ወይም በድለላ ለሠራችሁ ግን የሪል እስቴት ማስተርሱ ያዋጣል። የኮርስ ዝርዝሩን አስቀርባችሁ ፈትሹ፦ በኤክሴልና በአርገስ (የሪል እስቴት ስሌት ሶፍትዌር) የገንዘብ ፍሰት ሞዴል መሥራት፣ በባለሀብቶች መካከል የትርፍ ክፍፍል ስሌት፣ የግንባታ ብድር፣ የመሬት አጠቃቀም ሕግ። እነዚህ ከሌሉ ክፍያው አያዋጣም። በኤምቢኤ ውስጥ የሪል እስቴት ኮርሶች ብዙ ጊዜ ጥቂት ምርጫዎች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው በሒሳብ አያያዝ፣ በማርኬቲንግና በመሳሰሉት ያልፋል።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የምትማሩ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላችሁ፦ ፕሮግራሙ በስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) መደብ ተመዝግቧል? ከተመዘገበ ከምረቃ በኋላ በሚሰጠው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ላይ 24 ወር ማስረዘም ይቻላል። ስማቸው አንድ የሆነ ፕሮግራሞች እንኳ በዚህ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።