«ረን» ሁልጊዜ መሮጥ አይደለም

እንግሊዝኛ ለምትማሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ «ረን» የሚለውን ግስ ደብተራችሁ ላይ «ሮጠ» ብላችሁ ጽፋችሁ አትለፉት። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ አንድ ግስ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፤ ከኋላው የሚከተለውን ቃል ማየት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ» ስትለኝ ማንም አልሮጠም፤ ወተት አልቆብናል ማለቷ ነበር። «ረን ኢንቱ» ከሰው ጋር በድንገት መገናኘት ነው፤ ስለ መኪና ከሆነ ግን መጋጨትም ይሆናል። «ሺ ረንስ ኤ ሆቴል» ከተባለ ሴትዮዋ ሆቴል ታስተዳድራለች። ለሥራ ማመልከቻ ሲሆን በዚህ ቦታ «ማኔጅ» ቢገባ እመርጣለሁ፤ ይበልጥ መደበኛ ነው። አለቃችሁ «ረን ኢት ባይ ሚ» ካለ ከመወሰናችሁ በፊት አማክሩኝ ማለቱ ነውና በቸልታ አትለፉት። ከወጣቶች አፍ የምትሰሙት «ረን ኢት ባክ» ደግሞ «እንደገና እናድርገው» ነው። «ረኒንግ ዩር ማውዝ» ግን ያለ ልክ መለፍለፍ ነው፤ ዘለፋ ስላለበት ለትልቅ ሰው አትናገሩት።

በእኛም ቋንቋ «ገባ»ን ተመልከቱ፤ እንግዳ ቤት ይገባል፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ትምህርት ይገባናል፣ ቃል እንገባለን። ይህን ማናችንም በዝርዝር አልሸመደድነውም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ነው የሰማነው። እናንተም «ረን»ን ስታገኙ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከሥሩም የራሳችሁን አንድ ጨምሩ፤ ለምሳሌ ዛሬ ከቤታችሁ ስላለቀው ነገር።