የፎረንሲክ ሥነ ልቦና ዶክተር ለመሆን አሜሪካ ውስጥ ምን ምን ማለፍ ያስፈልጋል?

በወንጀል ፊልም ተስቦ ወደዚህ ሙያ የሚያመለክት ብዙ ነው። ሥራው ግን ገዳይ አነፍንፎ ማግኘት አይደለም። የፎረንሲክ ሥነ ልቦና ባለሙያ በአብዛኛው ፍርድ ቤት ወይም ጠበቃ ላነሳው ጥያቄ ሰው መርምሮ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። ተከሳሹ ክሱን መከታተል ይችላል ወይ? ድርጊቱን ሲፈጽም አእምሮው በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ቢለቀቅ አደጋ ያደርሳል ወይ? ለዚህ መጀመሪያ የተሟላ የክሊኒካል ሥነ ልቦና (የአእምሮ ችግርን መርምሮ የሚያክመው ዘርፍ) ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል። ከባችለር በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል።

በቅድሚያ የዲግሪውን ዓይነት ይለዩ። ፒኤችዲ ምርምር ይበዛበታል፤ የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ክፍያውን ሸፍነው የኪስ ገንዘብ ይሰጣሉ። ሳይ ዲ (PsyD) የሚባለው የሥነ ልቦና ዶክትሬት ደግሞ ወደ ሕክምናና ምርመራ ያደላል፤ ብዙ ተማሪ ይቀበላል፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው በተማሪው ላይ ነው፤ ዕዳው ከ100,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ለሙያ ፈቃድ ያበቃሉ። እኔን ከጠየቁኝ ግን ፒኤችዲ ለመግባት አንድ ሁለት ዓመት በምርምር ረዳትነት መቆየት ከዚያ ዕዳ ይሻላል።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጣራው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር (ኤፒኤ) እውቅና ነው። እውቅናው የሚሰጠው ለክሊኒካል ፕሮግራሙ እንጂ ለ«ፎረንሲክ» ስሙ አይደለም፤ በስሙ ብቻ አይታለሉ። ተማሪዎቹ የተግባር ልምምድ የሚያደርጉት የት እንደሆነ ይጠይቁ፦ እስር ቤት ነው? ፍርድ ቤት የላካቸው ሰዎች የሚመረመሩበትና የሚታከሙበት የፎረንሲክ ሆስፒታል ነው? ኒውዮርክ ያለው ጆን ጄይ ኮሌጅ፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ፣ የቴክሳስ እስር ቤቶች ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት በሃንትስቪል ከተማ የሚገኘው ሳም ሂውስተን ስቴት በዘርፉ ይታወቃሉ።

ማመልከቻ የሚዘጋው በአብዛኛው በዲሴምበር መጀመሪያ ገደማ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዎ ከኢትዮጵያ ከሆነ ትራንስክሪፕቱን ማስመዘኑ ጊዜ ስለሚበላ ከአሜሪካው በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ይጀምሩ። በማመልከቻ ጽሑፍዎ የልጅነት ቁስልዎን ከመተረክ ይልቅ የሠሩትን ምርምር ይጻፉ፤ ከየትኛው ፕሮፌሰር ጋር ለምን መሥራት እንደፈለጉም ይግለጹ። የገንዘብ ድጋፍ ያለው ቅበላ ካገኙ የመልስ መስጫው ቀን በተለምዶ ኤፕሪል 15 ነው።

ከገቡ በኋላ የሥነ ልቦና ፈተና መስጠት፣ ማረምና ውጤቱን መተንተን ይማራሉ፤ ሙያው የሚለመደው ግን ከተከሳሽ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ምርመራው በማስጠንቀቂያ ይጀምራል፦ «እኔ አንተን ለማከም አልመጣሁም። የምትነግረኝ ምስጢር ሆኖ አይቀርም፤ ዳኛው ዘንድ ሊደርስ ይችላል።» ከዚያ «ጠበቃህ ሥራው ምንድን ነው?»፣ «ጥፋተኛ ነኝ ብትል ምን ይከተላል?» እየተባለ ይጠየቃል፤ መልሱ ቃል በቃል ይጻፋል። ተከሳሽ ክሱን መከታተል ይችላል የሚባልበትን መለኪያ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ዱስኪ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ አስቀምጦታል፦ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር፣ የክሱንም ሂደት በቅጡ መረዳት መቻል አለበት።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጁሪ ሥርዓት፣ ማለትም ተራ ዜጎች ተሰብስበው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑበት አሠራር፣ የለም፤ ከዚያ የመጣ ተከሳሽ ጁሪ ምን እንደሚሠራ ባያውቅ ሕመም ሳይሆን አለማወቅ ነው። ጥሩ መርማሪ ያስረዳውና ቆይቶ መልሶ ይጠይቀዋል። ገብቶት ከመለሰ ነገሩ የትምህርት ጉድለት ነበር ማለት ነው፤ ደጋግመው አስረድተውት ካልያዘለት ግን ምክንያቱ ይፈተሻል።

በመጨረሻው ዓመት ኢንተርንሺፕ አለ፤ ወደ 2,000 ሰዓት የሚጠጋ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። ተማሪው ቦታዎችን በምርጫው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ቦታዎቹም ተማሪዎቹን ይደረድራሉ፤ ኮምፒውተር ያጣምራል። የፌዴራል እስር ቤቶችም ተማሪ ይቀበላሉ፤ በሰሜን ካሮላይና ያለው በትነር አንዱ ነው።

ዶክትሬቱን ከያዙ በኋላ ለፈቃድ ኢፒፒፒ የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ። ከ225 ጥያቄዎቹ ነጥብ የሚያዘው ለ175ቱ ነው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ማለፊያው 500 ነው፤ ይህ በትክክል የተመለሱት ጥያቄዎች ብዛት ሳይሆን ወደ ሌላ መለኪያ የተቀየረ ነጥብ ነው። ብዙ ስቴቶች ከዲግሪ በኋላ ክትትል ያለበት የሥራ ሰዓትም ስለሚጠይቁ፣ ኢንተርንሺፕ ላይ እያሉ የሚኖሩበትን ስቴት ደንብ አንብበው ሰዓትዎን መመዝገብ ይጀምሩ። የፎረንሲክ ቦርድ ሰርተፊኬት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የጽሑፍ ፈተና፣ የሥራ ናሙናና የቃል ፈተና አለው። ግዴታ አይደለም፤ ምስክር ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ጠበቆች ሊያነሡት ይችላሉ።