ፕሬዚዳንቱና ምክትላቸው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምክትል ፕሬዚዳንት ሥራ ለየት ያለ ሥራ ነው። የብዙ አገር ሕገ መንግሥት ስለ ሥራው የሚለው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከሌሉ ይተካል፣ የሚሰጠውን ተግባር ያከናውናል፤ በቃ። ቀሪውን የሚሞሉት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ሲስማሙ ማንም ልብ አይልም። ሲጣሉ ግን ካቢኔው ለሁለት ይከፈላል፣ ፓርቲው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ነገሩ እስከ ጦር ሠራዊቱ ይደርሳል።

የብዙ አገሮችን ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ጥላቻው ኋላ የመጣ ነው። ቀድሞ የተበላሸው አሠራሩ ነው። አሠራር ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሊስተካከል ይችላል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለድምፅ ፈልጎ ከድል በኋላ መርሳት

ምክትል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፕሬዚዳንቱ የሌላቸውን ድምፅ ስለሚያመጣ ነው። በዚህ ነውር የለውም፤ ፖለቲካ ነው። ነውሩ የሚጀምረው ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ሰውየውን ጥግ ማስያዝ ሲመጣ ነው።

ብራዚል ውስጥ ዲልማ ሩሴፍ ሚሼል ቴሜርን ምክትላቸው ያደረጉት የቴሜር ትልቅ ፓርቲ በምክር ቤቱ ስለሚያስፈልጋቸው ነበር። በዲሴምበር 2015 ቴሜር ለፕሬዚዳንቷ ደብዳቤ ጻፉ። አጀማመሩ የላቲን ብሂል ነው፦ ቃል ይበናል፣ ጽሑፍ ይቀራል። ቀጥለው ቅሬታቸውን ዘረዘሩ። በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመን አራት ዓመት ሙሉ ለጌጥ ተቀምጬ ኖርኩ፣ አላመናችሁኝም ይላሉ። ደብዳቤው ወዲያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በኦገስት 2016 ሩሴፍ በሴኔት ድምፅ ከሥልጣን ተነሱ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ቴሜር ሆኑ። ለመነሳታቸው ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው። ሆኖም ያ ሁሉ ቅሬታ ለዓመታት ሲጠራቀም የሚነጋገሩበት መድረክ ቢኖር ኖሮ፣ በዚያ ክፉ ሰዓት ከጎናቸው የሚቆም ሰው ሊያገኙ ይችሉ ነበር።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው። ምክትሉ ምን ይሠራል፣ የትኞቹ ስብሰባዎች ላይ ይቀመጣል የሚለው ከምርጫው በፊት በግልጽ ይነገር። ከተቻለም በወረቀት ይስፈር።

መረጃ መከልከል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ምክትሉ አንድ ቀን በድንገት አገር ሊመራ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በጨለማ ማስቀመጥ አገሩን በጨለማ ማስቀመጥ ነው።

ሃሪ ትሩማን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ምክትል የነበሩት ለ82 ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ከካቢኔ ስብሰባ ውጭ የተገናኙት ከስንት አንዴ ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ከሰዓት በኋላ ትሩማን ወደ አፈ ጉባኤው ክፍል ጎራ እንዳሉ ወደ ዋይት ሐውስ እንዲደውሉ ተነገራቸው። ቶሎ ና ተባሉ። ሲደርሱ የጠበቋቸው የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ማረፋቸውን ነገሯቸው። ትሩማን፣ ምን ልርዳዎት ብለው ጠየቁ። ኤሌኖርም መልሰው፣ እኛ እንጂ አንተን ምን እንርዳህ፣ አሁን ጭንቁ ያለው አንተ ላይ ነው አሏቸው።

እውነታቸውን ነበር። የዚያን ቀን ምሽት ቃለ መሐላ ፈጽመው የካቢኔው ስብሰባ ሲበተን የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ወደኋላ ቀሩ። በጣም ኃይለኛ ፈንጂ እየተሠራ እንደሆነ በአጭሩ ሹክ አሏቸው። ስለ አቶሚክ ቦምቡ የተሟላ ማብራሪያ ያገኙት በኤፕሪል 25 ነው። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን በሰላዮቹ በኩል ስለ ፕሮጀክቱ ሲሰማ ከርሟል፤ የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ግን አያውቁም ነበር። በኦገስት 6 ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ ለመድረስ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም።

አሜሪካኖቹ ከዚህ ተምረዋል፤ ቶሎ ግን አይደለም። በ1949 ምክትል ፕሬዚዳንቱ በሕግ የብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤት አባል ሆነ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና በምክትላቸው በዋልተር ሞንዴል ጊዜ ነው። ሞንዴል በዲሴምበር 1976፣ ገና ሥልጣን ሳይረከቡ፣ ለካርተር ማስታወሻ ጻፉ። ያቀረቡት ጥያቄ የሚገርም አይደለም። ፕሬዚዳንቱ የሚያነቡትን ላንብብ፣ ስብሰባዎች ላይ ልቀመጥ፣ በየጊዜው ለብቻችን እንገናኝ። ካርተር ተስማሙ። ከዚያም አልፈው ከራሳቸው ቢሮ ጥቂት እርምጃ በሚርቀው በዌስት ዊንግ፣ ማለትም የፕሬዚዳንቱ ቢሮ በሚገኝበት የዋይት ሐውስ ክንፍ፣ ውስጥ ክፍል ሰጧቸው። ሁለቱ በየሳምንቱ ለብቻቸው ምሳ ይበሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ምክትሎች በአብዛኛው ይህንን አሠራር ወርሰዋል።

ቢሮው ቅርብ መሆኑ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስላችሁ። ማን ከማን ጋር ኮሪደር ላይ እንደሚገናኝ ብዙ ነገር ይወስናል።

አንዲት ጠባብ ሥራ ሰጥቶ መገላገል

ሞንዴል እንዲህ ያለውን ቋሚ ኃላፊነት ሆን ብለው ሸሽተዋል። እኔም እስማማለሁ። ምክትሉ አንድ ዘርፍ ብቻ ከተሰጠው ከሚኒስትሮች አንዱ ይሆናል፤ የዘርፉ ሚኒስትር ደግሞ ሥራዬን ነጠቀኝ ብሎ ያኮርፋል።

ልዩነትን ማይክ ፊት ማውጣት

ይሄኛው የምክትሉ ስህተት ነው። የኬንያው ሪጋቲ ጋቻጉዋ በ2022 ከፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ጋር በአንድ ትኬት፣ ማለትም በጥምር ዕጩነት፣ ተመረጡ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥትን ከአክሲዮን ማኅበር ጋር አመሳስለው፣ ያዋጣ ነው የሚካፈለው የሚል ይዘት ያለው ንግግር ማድረግ ጀመሩ። በጁን 2024 ወጣቶች ግብር ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ደግሞ ጋዜጠኞች ጠርተው የስለላ ተቋሙን ኃላፊ በአደባባይ ወቀሱ። ሁለቱም በኋላ የክስ ነጥብ ሆነው መጡባቸው። በኦክቶበር 2024 ሴኔቱ ከ11 ክሶች በ5ቱ ጥፋተኛ ብሎ ከሥልጣን አነሳቸው። ክሱ ፖለቲካ ነው የሚሉ አሉ፣ ይሆናል። ማይክ ፊት የተናገሩት ግን ለከሳሾቻቸው ሥራውን አቅልሎላቸዋል።

በአንጻሩ በ2009 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ወደ አፍጋኒስታን ብዙ ተጨማሪ ጦር መላኩን በስብሰባ ውስጥ አጥብቀው ተቃወሙ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሰሟቸው፣ ከዚያም 30 ሺህ ወታደር ለመላክ ወሰኑ። ልዩነቱ ከነጭራሹ ምስጢር አልነበረም፤ ቢሆንም ባይደን ውሳኔውን ይዘው ቀጠሉ። በሜይ 2012 ደግሞ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ቴሌቪዥን ላይ አለቃቸውን ቀድመው ተናገሩ። ኦባማ ከሦስት ቀን በኋላ የራሳቸውን አቋም ለማሳወቅ ተገደዱ። የኦባማ ሰዎች ተናደዱ፤ ነገሩ ግን በይቅርታ አለፈ። የሚተማመኑ ሰዎች መካከል የተፈጠረ ስህተት ስለሆነ ነው።

ምክትልን እንደ ሚኒስትር ማባረር ይቻላል ብሎ ማሰብ

በአንድ ትኬት የተመረጠ ምክትል ሥልጣኑ ከሕዝብ የመጣ ነው። ፕሬዚዳንቶች ይሄንን ይረሱታል።

የማላዊው ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ከምክትላቸው ጆይስ ባንዳ ጋር የተጣሉት ወንድማቸውን ለተተኪነት ማዘጋጀት ሲጀምሩ ነው። በዲሴምበር 2010 ባንዳ ከገዥው ፓርቲ ተባረሩ። ከምክትልነት ግን አልወርድም አሉ፤ ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነበር። የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ከዚያ ኤፕሪል 5 ቀን 2012 ሙታሪካ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። ሞታቸው በይፋ ሳይነገር ሁለት ቀን አለፈ። አንዳንድ ሚኒስትሮች በሌሊት መግለጫ ሰጥተው ባንዳ ሌላ ፓርቲ ስለመሠረቱ ፕሬዚዳንት መሆን አይችሉም አሉ። ባንዳ ለጦር አዛዡ ደወሉ። አዛዡ ከሕገ መንግሥቱ ጎን ቆሙ፤ በኤፕሪል 7 ባንዳ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አገሪቱ የተረፈችው በአንድ መኮንን ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ይሄ ደግሞ በጣም ቀጭን ገመድ ነው።

በዚያው ዓመት በጁላይ የጋናው ጆን አታ ሚልስ ሲያርፉ ምክትላቸው ጆን ማሃማ በዕለቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ግርግር አልነበረም።

ሲታመሙ ሥልጣንን ጨብጦ መያዝ

የናይጄሪያው ኡማሩ ያርአዱዋ በኖቬምበር 2009 ለሕክምና ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሄዱ። ሕጉ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ ይላል፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ምክትሉ ተጠባባቂ ይሆናል። ደብዳቤው አልተጻፈም። ምክትላቸው ጉድላክ ጆናታን ቢሮ ውስጥ አሉ፣ ሥልጣን ግን የላቸውም። አገሪቱ ከሁለት ወር በላይ ያለ መሪ ቆየች። በፌብሩዋሪ 2010 ምክር ቤቱ ራሱ ወስኖ ጆናታንን ተጠባባቂ አደረገ። ኋላ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፦ ፕሬዚዳንቱ በ21 ቀን ውስጥ ካልጻፉ ምክር ቤቱ መወሰን ይችላል።

ጆርጅ ቡሽ ትንሹ በ2002ና በ2007 ለአንጀት ምርመራ ማደንዘዣ ሲወስዱ ሥልጣኑን ለዲክ ቼኒ ለሁለት ሰዓት ያህል በደብዳቤ አስረክበዋል። ባይደንም በ2021 ለካማላ ሃሪስ ለ85 ደቂቃ እንዲሁ አድርገዋል። ሁለት አጫጭር ደብዳቤ ናቸው፤ አንዱ ለማስረከብ፣ አንዱ መልሶ ለመረከብ። ማንም የተዋረደ የለም።

ሕጉ የማይፈቅደውን መጠየቅ

ታማኝነት ማለት እሺ ማለት ብቻ የሚመስላቸው ፕሬዚዳንቶች አሉ። በጃንዋሪ 2021 ዶናልድ ትራምፕ በምክር ቤቱ የምርጫ ድምፅ ቆጠራውን የሚመሩት ምክትላቸው ማይክ ፔንስ ከአንዳንድ ግዛቶች የመጣውን የምርጫ ውጤት እንዳይቀበሉ ገፋፏቸው። ፔንስ ጠበቆቻቸውን አማከሩ፤ ሥልጣኑ የለኝም የሚል ደብዳቤ አዘጋጅተው በጃንዋሪ 6 ይፋ አደረጉ። በዚያ ቀን ሕዝብ የምክር ቤቱን ሕንፃ ጥሶ ገባ፤ ፔንስ ወደ አስተማማኝ ቦታ ተወሰዱ። ሕንፃው ሲጸዳ ተመልሰው ስብሰባውን መሩ፤ ቆጠራውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተጠናቀቀ። ለምክትሎች ያለኝ ምክር የፔንስን አካሄድ ነው፦ ጥያቄው ሲመጣ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፣ መልሱን ጻፉ፣ ከዚያ ለፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ንገሩ።