የድሮ ትምህርት ቤታችሁን ታሪክ እንዴት ትጽፋላችሁ?

ትምህርት ቤታችሁ በንጉሡ ዘመን የተከፈተ ከሆነ ታሪኩን ለመጻፍ አትዘግዩ። ያኔ የተማሩት ሰዎች አርጅተዋል።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤት ስሙ ተቀይሯል። እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ፣ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ሆነ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በአሁኑ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ሰነድ ያመልጣችኋል።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ተከፈተ ሲባል ወሩን ካላወቃችሁ በእኛ 1900 ይሁን 1901 መለየት አትችሉም፣ ምክንያቱም መስከረም መሃል ላይ ገብቶ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ቀኑን ከነወሩ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ጭምር መዝግቡ።

አሁን ወደ ዋናው። «ንጉሡ ከፈቱት» ብላችሁ አትለፉ። ማን አስተማረ? ማን ከፈለ? ማንስ ተቃወመ? ምኒልክ መምህራኑን ከግብጽ ኮፕቶች፣ ማለትም ከግብጽ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች፣ ያስመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ካህናቱ የውጭ አስተማሪ የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ይሰጉ ነበር፣ ለዘመናት ፊደሉንም ዳዊቱንም ቅኔውንም ያስተማረችው ቤተ ክርስቲያን ናትና፤ ኮፕቶቹ ደግሞ የእስክንድርያ መንበር ልጆች ስለሆኑ በሃይማኖት አይጠረጠሩም። እንዲህ ያለ ድርድር በእናንተም ትምህርት ቤት ይኖራል፣ ፈልጉት። ለእኔ ከምረቃው ሥነ ሥርዓት ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ሰነድ ለማግኘት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂዱ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። የቆዩ ጋዜጦችን አገላብጡ። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም የጀመረው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በተከፈተበት በ1917 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ የዚያን ዘመን መንፈስ ከእሱ ታገኛላችሁ። ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን አዋጆች ይዟል። በጣሊያን ወረራ ዓመታት መዝገቡ ቢቋረጥ አትደነቁ። ክፍተቱን በግምት አትሙሉት፣ ተቋርጧል ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ አባባና እማማ የምትሏቸውን የድሮ ተማሪዎች ጠይቁ። «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፣ መልሱ «ጥሩ ነበር» ይሆናል። ማን አስመዘገባችሁ፣ በእግር ስንት ሰዓት ትሄዱ ነበር፣ ሴቶች ልጆች ነበሩ ወይ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀድማችሁ ተምራችሁ ነበር ወይ በሏቸው። የባላባት ልጅና የገበሬ ልጅ የሚያስታውሱት አንድ አይደለም፣ ሁለቱንም አግኙ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱ፣ ፎቶ ካላቸው ጀርባው ላይ የተጻፈውንም አንሱ። ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ለነገሯችሁ ሰዎች ቤተሰብ ስጡ።